ናዳ ከሰማይ ሲቆጠር

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ውስጥ ቤት የሚያስገነባ ጎረቤት አሸዋ አስመጣ። ሲኖ ትራኩ ግማሽ መንገዱን ዘግቶ ገለበጠውና ሄደ። የመጀመሪያው ቀን አሸዋው ደረቅ ነበር። ልጆች ሲወጡበት ሸርተት ሸርተት እያለ ይወርዳል። ማታ ካፊያ ጣለ። በማግስቱ ግንበኛው በአካፋ ሲቆርጠው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲያውም አንዱ ልጅ ጎኑን ፈልፍሎ ዋሻ ሠራበት። በሦስተኛው ሌሊት ግን የባሕር ዳር የሐምሌ ዝናብ ከነመብረቁ መጣ። ጠዋት ስንነሳ ክምሩ የለም። መንገዱ ላይ ተዘርግቷል፣ ቱቦውን ሞልቷል፣ ባጃጆች በየተራ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። ግንበኛው ወገቡን ይዞ ቆሞ፣ «ሸራ ጣል አድርጉበት ብዬ ነበር እኮ፣ ወንድሜ» አለኝ፤ አሸዋው የእኔ ይመስል።

የመሬት መንሸራተት ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ሲያስፈልገኝ አሁን ይሄንን ክምር ነው የማነሳው። አሸዋው ያው ነው። ከቀን ወደ ቀን የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው።

ትንሽ እርጥበት አፈርን ያያይዛል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለችው ስስ ውሃ አንዱን ወደ ሌላው ትስባለች። ልጁ ዋሻ መሥራት የቻለው ለዚህ ነው። ውሃው ቀዳዳውን ሁሉ ሲሞላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ውሃው ቅንጣቶቹን መሳቡን ትቶ ይገፋፋቸው ጀመር። እርስ በርስ ተፋትገው የሚይዛቸው ጉልበት ይላላል። በዚያ ላይ የራሱ የውሃው ክብደት አለ። ተራራ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከአፈሩ ሥር አለት ይኖራል፤ ውሃው ሰርጎ እዚያ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። ስለዚህ አፈሩና አለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይጠራቀማል። ከላይ ያለው ማሳ፣ ዛፍ፣ ቤት እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ልክ ሳሙና እንደተቀባ ወለል ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሃሪኬን የሚባለው፣ ከባድ ዝናብ ይዞ የሚነሳው ግዙፍ አውሎ ነፋስ ጉዳይ የሚመጣው። አውቃለሁ፣ እኛ አገር ሃሪኬን የለም። ሃሪኬን ሰፊና ሞቃት ውቅያኖስ ይፈልጋል። ጣና ትልቅ ነው፣ ማዕበሉም ታንኳ ይገለብጣል፣ ግን ለዚህ አይበቃም። በእኛ በኩል ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ያው ነገር ሳይክሎን ይባላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ሶማሌላንድ ድረስ ዘልቆ ገብቷል። ባሕር ዳር ላይ ግን የምናውቀው ክረምትን ነው። ታዲያ ለምን ሃሪኬን? በአንድ ዝናብ ስንት ቦታ እንደተናደ በሚገባ ከተቆጠረባቸው ታሪኮች አንዱ የሃሪኬን ታሪክ ስለሆነ ነው። ዘዴው ለማንም ተራራ ይሠራል።

ታሪኩ የፖርቶ ሪኮ ነው። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ጣና በሉት። እኛ 2010ን በተቀበልን በ10ኛው ቀን፣ በፈረንጁ መስከረም 20 ቀን 2017፣ ሃሪኬን ማሪያ መሃሏን ሰንጥቆ አለፈ። በሁለት ቀን ውስጥ በብዙ ቦታ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። ተራራማዎቹ ቦታዎች ላይ ከ500 ያለፈበትም አለ። ባሕር ዳር ላይ ሐምሌ ወሩን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ የሚጠራቀመው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተራራው ላይ የሐምሌን ዝናብ በሁለት ቀን እንደማፍሰስ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እኛ ጳጉሜን 1 ስንል፣ ኢርማ የተባለ ሌላ ሃሪኬን በደሴቷ ጎን አልፎ ነበር። አፈሩ አስቀድሞ ረጥቧል። ክምሩ ሁለተኛው ቀን ላይ ነበር ማለት ነው፣ በእኔ ሰፈር አሸዋ ቋንቋ።

ውሎ አድሮ ሲቆጠር ከ70,000 በላይ ቦታ ተንሸራቷል። አንድ ትልቅ ተራራ አይደለም የተናደው። አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው። አንዱ የጓሮ ያህል፣ ሌላው የኳስ ሜዳ ያህል። ጥልቀታቸውም ብዙ አይደለም፤ ላይኛው የአፈር ልብስ ነው የተገፈፈው። ኡቱዋዶ የሚባለው ተራራማ አውራጃ ክፉኛ ተመታ። እዚያ ያለው ግራኖዲዮራይት የሚባል ድንጋይ ሲበሰብስ አሸዋማ አፈር ይሆናል። ክምሩን አትርሱት።

70,000 ናዳ ማን ሄዶ ይቆጥራል? መንገዱ ተቆርጧል፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። የአየር ጠባዩን የሚያየው ራዳር ራሱ በነፋሱ ተገንጥሎ ወድቋል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዝናቡን ሊለካ የቆመውን መሣሪያ ዝናቡን ያመጣው ነፋስ ወሰደው።

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሚባለው የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት ቀላልና ብልህ ነገር ነው። እያንዳንዱን ናዳ ለመቁጠር አልሞከሩም። ደሴቷን ሁለት ኪሎ ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፈሏት። ከዚያ የሳተላይትና የአውሮፕላን ፎቶ ከፍተው ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ናዳ አለበት ወይስ የለበትም? ካለ፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ25 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በቃ። ሦስት ቀለም ያለው ካርታ ወጣ። አንድ የመንገድ ሠራተኛ ወይም ነፍስ አድን ቡድን በዚያ ሰዓት ይሄን ያህል እንጂ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። የት ቅድሚያ ልሂድ? ቀዩ ካሬ ጋ።

ዝርዝሩ ኋላ መጣ። እያንዳንዱ ናዳ አናቱ ላይ፣ መሬቱ መጀመሪያ በተላቀቀበት ቦታ፣ አንድ ነጥብ ተደረገለት። ለምን አናቱ ላይ? ምክንያቱ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ታች የተከመረው ጭቃ የወደቀበትን ነው የሚያሳየው። አናቱ ግን ለምን እንደተነሳ ይናገራል። ቁልቁለቱ ስንት ዲግሪ ነው? ከላዩ መንገድ ተቆርጧል? ምን ዓይነት አፈር ነው?

አሁን ወደ ሳተላይቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። «ከዚያ ሁሉ ርቀት ጭቃ እንዴት ይታያል?»

የሚታየው ጭቃው ሳይሆን የጠፋው አረንጓዴ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመገባል። ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባለውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ባዶ አፈር እንዲህ አያደርግም። ሳተላይቱ ሁለቱንም ይለካል። ልዩነታቸውን ለድምራቸው ስታካፍለው አንድ ቁጥር ይወጣል። ወደ አንድ ከቀረበ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል አለ፤ ወደ ዜሮ ከወረደ አፈር ወይም ድንጋይ ነው። ከዝናቡ በፊት የተነሳውንና በኋላ የተነሳውን ታስተያያለህ። በድንገት የወረደበት፣ በዚያ ላይ ቁልቁለት የሆነበት ቦታ ተጠርጣሪ ነው።

ሴንቲነል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ይሄን ምስል በየአምስት ቀኑ በነፃ ይሰጣሉ። ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ ማየት ይችላል። ምስሉ የተሠራው 10 ሜትር በ10 ሜትር ከሆኑ ነጥቦች ነው፤ ፒክስል ይሏቸዋል። እኛ ከተማ ውስጥ 200 ካሬ ቦታ የምንለው እዚያ ላይ ሁለት ፒክስል ነው። ቤት፣ ጓሮ፣ የማንጎ ዛፍ፣ ሁሉም ተጨፍልቀው ሁለት ነጥብ። እንግዲህ አምስት ሜትር ስፋት ያላት ናዳ፣ ያቺ ቤት አፍርሳ ሰው ልትገድል የምትችለው፣ አንድ ፒክስል እንኳ አትሞላም።

ደመናም አለ። ኃይለኛ ዝናብ ባለበት ደመና አለ፤ ካርታው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ምስሉ ነጭ ነው። በክረምት የጣናን ዙሪያ ክፈቱና እዩ። ጉና ተራራ የለም፣ ጮቄ የለም። ጥጥ ብቻ። ለዚህ መፍትሔው ሳተላይት ላይ የሚጫን ራዳር ነው። ራዳር ብርሃን አይጠብቅም፤ የራሱን ሞገድ ልኮ ሲመለስ ያነባል። ደመናም ጨለማም አይዘውም። ችግሩ ማንበቡ ከባድ ነው። ገደል ላይ ምስሉ ይጣመማል፣ ባለሙያ ይፈልጋል።

ማሪያ ላይ ሌላ ጣጣም ነበር። ነፋሱ የዛፉን ቅጠል ሁሉ አራግፎታል። አረንጓዴዋ ደሴት በአንድ ቀን ቡኒ ሆነች። አረንጓዴ መጥፋቱን ብቻ የሚያይ ኮምፒውተር ደሴቷ በሙሉ ተናደች ሊል ነው። ለዚህ ነው ሰው በዓይኑ እያየ የለቀመው።

እኛ ዘንድ ነፋሱ ቅጠል አያራግፍም፤ ማረሻ ግን አለ። ሐምሌ ላይ ገበሬው ጤፍ ሊዘራ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ አለስልሶታል። ከሰማይ ሲታይ ባዶ ቡኒ መሬት ነው። ተዳፋት ላይ ያለ አዲስ እርሻና አዲስ ናዳ መንታ ይመስላሉ። ከዚያ መስከረም ይጠባል፣ ሰማዩ ይጠራል። እሰይ ስትል ተራራው በሣርና በአደይ አበባ ተሸፍኗል። ሐምሌ የተላጠው ጠባሳ በሁለት ወር ውስጥ ልብስ ለብሷል። ደመናው ሲገለጥ ቁስሉ ተደብቋል። የእኛ አገር ናዳ ከሰማይ ለመቆጠር አስቸጋሪ የሆነው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሳተላይቱ ይልቅ በዚህ የወቅት አለመገጣጠም ነው።

ካርታው ከተሠራ በኋላስ? የነጥቦቹ ካርታ የሆነውን ይመዘግባል። ሊሆን የሚችለውን የሚናገረው ሌላ ካርታ ነው፤ ከመጀመሪያው ይወለዳል። ነጥቦቹ የበዙበትን ቁልቁለት፣ አፈር፣ የመንገድ ቅርበት ታጠናና ተመሳሳይ ጠባይ ያለውን ቦታ ሁሉ ገና ባይናድም ታቀላዋለህ። ዝናብንም ታስገባለህ። ኔል ኬን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ናዳዎችን አይተው አንድ ወለል አወጡ፤ ናዳ ሊያስነሳ የሚችል ትንሹ የዝናብ መጠን ማለት ነው። በእሳቸው ቀመር ሲሰላ፣ ዝናቡ አንድ ሰዓት ብቻ የሚቆይ ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሙሉ ቀን ከዘነበ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ናዳ መጠርጠር ይጀመራል። ያ ግን ለዓለም ሁሉ የተሰፋ አንድ ቁጥር ያለው ጫማ ነው። ማሪያ ላይ ከዝናቡ መጠን ይበልጥ ከናዳው ብዛት ጋር የተቀራረበው የአፈሩ እርጥበት ነበር። ዛሬ ስንት ዘነበ የሚለው ብቻ አይበቃም። አፈሩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስንት ጠጥቷል?

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ቤትህ ቁልቁለት ላይ ባይሆንም ናዳ ሊያገኝህ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ሃሪኬን ሚች መካከለኛው አሜሪካ ላይ ሲዘንብ፣ ኒካራጓ ውስጥ ካሲታ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ጫፍ አፈርና ድንጋይ ተላቀቀ። ሲወርድ ውሃና ጭቃ እየጨመረ ጎርፍ ሆነ። ከተራራው ራቅ ብለው ሜዳው ላይ የነበሩ መንደሮችን ጠራርጎ ወሰደ፤ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ስለዚህ ጥሩ ካርታ ከየት እንደሚነሳ ብቻ ሳይሆን እስከ የት እንደሚወርድም ማሳየት አለበት።

ሁሉም ናዳ እንዲህ አይሮጥም። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ባሕር ዳር የመጣ ሰው የዓባይን በረሃ ያስታውሳል። አውቶብሱ ከጎሐ ጽዮን ሲወርድ አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ነው። ይጠገናል፣ እንደገና ይጨማደዳል። ብዙዎቻችን «ኮንትራክተሩ በላው» እንላለን። ሁልጊዜ እሱ ላይሆን ይችላል። እዚያ ያለው መሬት በዝግታ ነው የሚሄደው። ከላይ ባዛልት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና ሌሎች ደለል ድንጋዮች አሉ፣ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ከላይ የወረደ ልቅ አፈርና ቋጥኝ ተከምሯል። ክረምት ሲገባ ያ ክምር ፈቀቅ ይላል። የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂስቶች ጋር ሆነው መሣሪያ ተክለው አጥንተውታል። እንዲህ ያለውን ናዳ በአረንጓዴው መጥፋት አታገኘውም፤ ሣሩም ዛፉም አብሮ ይሄዳላ። በዚህ ጊዜ ነው ራዳር የሚያስፈልገው፤ ወይም መሬት ላይ የተተከለ መለኪያ።

ጎፋንም የረሳ የለም። ሐምሌ 2016፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ። መጀመሪያ የተናደው መሬት ሰዎች ቀበረ። ጎረቤት ነፍስ ሊያድን ሮጠ። ሲቆፍሩ ሁለተኛው መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አንድ ጊዜ የተናደ አናት አዲስ ገደል ይሆናል፤ ያልወረደው ግማሽ ድጋፉን አጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ዝናቡም አላቆመም። ለቅሶ ላይ ያለ መንደር ይሄን እንዲያስብ መጠበቅ ግፍ ነው። ይሄንን አውቆ ከላይ የሚጠብቅ፣ ስንጥቅ ሲያይ «ውጡ!» የሚል አንድ ሰው ማቆም ግን ሳተላይት አይጠይቅም። ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። አናቱ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ ጠርቶ ሲፈስ የኖረ ምንጭ በድንገት መደፍረሱ ወይም መድረቁ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልገጥም ማለቱ።

እኛ ባሕር ዳሮች ሜዳ ላይ ነን፤ ቤዛዊት ኮረብታን ካልቆጠርን። ክረምት ላይ ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ወደ ጣና የሚያስገቡትን ውሃ እዩት። ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። አብዛኛው ከእርሻ የታጠበ አፈር ነው፣ ከወንዝ ዳር የተናደም አለበት። የላይኞቹ ተራሮች ጉዳይ በጣና በኩል እኛ ጋ ይደርሳል።

ይሄን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ እኔም እጄ በላኝ። መስከረም መጨረሻ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ የጉናን ግርጌ ምስል አወጣሁ። የሐምሌውና የነሐሴው እንደጠበቅኩት ጥጥ ነው። አዲሱ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ከአንዲት ትንሽ ደመና በቀር። አጎላሁት። አንድ ቁልቁል የወረደ ቡኒ ሰንበር አገኘሁ። ዙሪያው አረንጓዴ፣ እሱ ብቻ የተላጠ። ልቤ መታ። ያ ሠፈር የአጎቴ ልጅ የሚኖርበት ነው። ደወልኩለት።

«ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው ቦታ ተንዷል እንዴ?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «ኧረ ተው! ድንች የነቀልኩበት ማሳ ነው። ማን ነገረህ?»

«ሳተላይት።»

«ንገረው በለው፣ ምርቱ ጥሩ ነበር።» ትንሽ ቆየና ድምፁ ተለወጠ። «ናዳስ ከወንዙ ማዶ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ። የእትዬን በረት ወስዶባታል። እሱን አላየውም?»

ስክሪኑ ላይ ወንዙን ተሻገርኩ። ያቺ ትንሽ ደመና የተቀመጠችው እዚያ ላይ ነበር።